አሥራ ሁለተኛዋ ክር

ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ ባልደረቦቿ «ዝግጁ» ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ በሥራ ስልክ ከአፏ ሲወጣ የሚሰሙት ቃል እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እሷም ለምዳዋለች። እንዲያውም በሙሉ ስሟ የጠሯት ዕለት አንድ ነገር አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች።

የምትሠራው ባሕሩ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የሌላት፣ በሯ ብረት የሆነ፣ ለሚያልፍ ሰው የእህል መጋዘን የምትመስል ቤት ናት። የባሕር ውስጥ ገመዱ ከውሃው ወጥቶ፣ በአሸዋው ሥር አልፎ፣ በወለሉ ቀዳዳ ብቅ የሚለው እዚህ ነው። ገመዱ የሰው ክንድ ያህል ይወፍራል፤ ሲላጥ ሲላጥ ግን መጨረሻ ላይ የሚገኙት ከፀጉር ያልወፈሩ አሥራ ሁለት የመስተዋት ክሮች ናቸው። ስልኩ፣ የባንኩ መልእክት፣ የፍቅረኞች ኩርፊያ ሳይቀር ብርሃን ሆኖ በእነዚህ ክሮች ይመላለሳል። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚሏት «የሰው ወሬ እጠብቃለሁ፤ ወሬው ግን አይነገረኝም» ትላለች።

እንግዳ ከመጣ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። አለቃዋ ሰኞ ሰኞ ብቅ ይላል፤ መዝገቡን ያያል፣ አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ይሄዳል። በቀሩት ቀናት ያለው ድምፅ የማሽኖቹ ማቀዝቀዣ ነው፤ እሱም ከብዙ ጊዜ በኋላ አይሰማም። ምሳዋን በጠረጴዛዋ ጥግ፣ ከመዝገቡ ፈንጠር ብላ ትበላለች። ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም፤ በሩ ላይ ባለች ሣጥን ይቆለፍበታል። ማታ የምትገባው ወንድሟ ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነው። በልጅነቷ አግብታ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀረ። ስለሱ ስትጠየቅ «አለፈ» ብላ ትዘጋዋለች። አሁን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው።

ገመዱ በዓመት ሁለትም ሦስትም ጊዜ ይበጠሳል። መርከብ መልህቅ ይጥልበታል፤ የዓሣ አጥማጅ መረብ ይጎትተዋል። ድሮ ይህ ሲሆን የጥገና መርከብ ትመጣና ሁለቱን ጫፎች በመንጠቆ ጎትታ ታወጣለች፤ ባለሙያዎቹም ክርን ከክር በእሳት ያያይዛሉ። ከዚያ ሥራው ወደ ባሕሩ ዳርና ዳር ይመጣል። እያንዳንዱ ክር ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ይለካል። አንዱ ብርሃኑን ሲልክ ሌላው መቀበል አለበትና ሁለቱ ሰዎች መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። ለዚህ የተተወችው አሥራ ሁለተኛዋ ክር ነበረች። ከትንሽ ሬዲዮ የማትበልጥ ሣጥን ጫፏ ላይ ይሰካል፤ ሣጥኗ ድምፅን ወደ ብርሃን ትለውጣለች፤ ማዶ ያለችው መሰሏ ብርሃኑን መልሳ ድምፅ ታደርገዋለች።

ማዶ ጣቢያ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ። እንደሷው ብቻውን የሚሠራ። መጀመሪያ ቀን «ማዶ፣ ይሰማሉ?» አለችው፤ «ይሰማል» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ማዶ ሆኖ ቀረ። እሱ ደግሞ እንደ ባልደረቦቿ ዝግጁ ይላት ጀመር፤ ማንም ሳይነግረው ነው።

«አንደኛ ክር» ይላል እሱ።

«ዝግጁ» ትላለች።

ከዚያ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። መለኪያው ቁጥሩን ሰብስቦ ጢጥ እስኪል ድረስ ምንም የሚሠራ የለም። አሥራ አንድ ክር፣ ደርሶ መልስ፣ ሲደመር ከጠዋት እስከ ማምሻው ይወስዳል። በመጀመሪያው ጥገና ስለ አየሩ ተነጋገሩ። በሁለተኛው ስለ ጉልበቱ ነገራት፤ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል አላት። በሦስተኛው «አንቱ» መባባል ቀረ። እሱ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ የባትሪ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ስለ ወለደች ድመት ይነግራታል። እሷ የወንድሟን ሚስት ታማለች፤ እሱ ደግሞ ለወንድሟ ሚስት ጠበቃ ይቆማል። ቀልድ ይወዳል፣ ግን ሲያወራ አይቸኩልም። ቀልዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መለኪያው ጢጥ ይላል። ቀጥል ስትለው መጀመሪያ ሥራ ይላል። አንዴ ስለ አንድ ደንቆሮ ዳኛ የጀመረው ቀልድ ሳያልቅ የመጨረሻው ክር ተለክቶ አለቀ፤ መጨረሻውን የሰማችው ከአምስት ወር በኋላ፣ ገመዱ ዳግም ሲበጠስ ነው። ያን ያህል አያስቅም ነበር። እሷ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሣጥኗ የምትወጣው በጥገና ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ልኬቱ ሲያልቅ ታሽጋ ይቆለፍባታል። ስለዚህ የሚገናኙት ገመዱ ሲበጠስ ነው። ለምን ስልክ ቁጥር አልተለዋወጣችሁም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መጀመሪያ ላይ ትዝ አላላቸውም። በኋላ ትዝ ሲላቸው ደግሞ የሚጠይቀው ቀድሞ የሚሸነፍ መሰላቸው። ደግሞም ስልክ ማንም ይደውልበታል፤ በዚያች ክር ላይ ግን ከእነሱ በቀር ሰው የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ገመዱ ሃያ ሦስት ጊዜ ተበጥሷል። ሃያ ሦስት ቀን ማለት ነው፤ አንድ ወር አይሞላም። ያም ሆኖ በቀሩት ቀናት ሁሉ አንድ ነገር ሲገጥማት፣ ይህን ለማዶ እነግረዋለሁ እያለች በሆዷ ታስቀምጥ ነበር። የመርከቦቹን መልህቅ በልቧ መመረቋ ኃጢአት ይሆን እያለችም ትጨነቃለች፤ ገመዱ ሲበጠስ ስንት ሰው ከስንት ሰው እንደሚቆራረጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለማ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ አሥራ አንደኛውን ክር እየለኩ ሳለ፣ ማዶ ጉሮሮውን ጠራረገ። በመጪው ዓመት ጡረታ እንደሚወጣ፣ ከዚያም ልጁ ጋ እንደሚገባ ነገራት። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ልጄ ጋ ከመግባቴ በፊት በጀልባ ተሻግሬ ባይሽ ምን ይመስልሻል?»

ወንድ ጠይቋት የማያውቅ ልጅ አይደለችም፤ ግን ድምፅ ብቻ ሆና አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ሴት በአካል ስትቀርብ ምን ትመስላለች? መለኪያው ጢጥ አለ። እሷም አፏ እንዳመጣላት «ሲበጠስ እነግርሃለሁ» አለችው። ማዶ ሳቀ። «እንግዲህ መልህቅ ይባርከን» አለ። ሣጥኗም ታሸገች።

መልሱን አውቶቡስ ፌርማታ ሳትደርስ አግኝታው ነበር። አዎ ነው። የቀረው ገመዱ እስኪበጠስ መጠበቅ ነው።

በዚያው ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ቅጽ መጣ። ወደፊት የተበጠሰ ገመድ ወደ መርከብ እየወጣ በእሳት አይቀጠልም፤ ጫፎቹ ላይ ማገናኛ ይገጠምና ሰው አልባ ጠላቂ ራሱ ባሕሩ ወለል ድረስ ወርዶ አንዱን በሌላው ላይ ይሰካዋል ተባለ። ማገናኛው ግን ክር የሚገባበት ስምንት ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ አራት ክሮች ሳይቀጠሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱም ጣቢያዎች እያንዳንዱ ክር ምን እንደሚያስተላልፍ በየፊናቸው ሞልተው እንዲልኩ ታዘዙ።

እሷ ቅጽ ስትሞላ አትቸኩልም። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ሥራ ላይ ናቸው፤ ጻፈች። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ መጠባበቂያ፤ ጻፈች። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቀረ። «የሚያስተላልፈው» ይላል ዓምዱ። ምን ትበል? ወሬ ልትል ነው? ቀልድ? አለቃዋ ሲያነበው ታያት፤ ሰኞ ሰኞ የሚመጣባትን ተረብ አሰበችው። ደግሞም በደንቡ መሠረት በዚያች ክር የሚያልፍ አንድም የተመዘገበ ነገር የለም። «ምንም» ብላ ጻፈች። ፈረመች። ላከች።

ከሰባት ወር በኋላ ገመዱ ተበጠሰ።

በዚያ ቀን ጣቢያው ውስጥ እንግዳ ነበር፤ ወፍራም መነጽር ያደረገ መሐንዲስ ኮምፒዩተሩን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። መርከቧ ማገናኛዎቹን በሁለቱ ጫፎች ገጥማ ወደ ውሃው መልሳቸዋለች፤ የቀረው የጠላቂው ፋንታ ነው። ከመኪና ረዘም የሚል ቢጫ ነገር ነው፤ መሐንዲሱ ፎቶውን የልጁን ያህል ኮርቶ አሳያት። የሚታሰርበት ሽቦ የለም፤ የሚነዳውም ሰው የለም። መንገዱን ራሱ ያውቃል፤ ገመዱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። «እታች ሲደርስ ለአርባ ደቂቃ ያህል ምንም አይልከንም» አላት መሐንዲሱ። «የሚሠራውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ከላይ እስከ ታች ጨለማ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ብቻውን ሁለት ጫፍ ይዞ ዓይን ከዓይን ሊያጋጥም ሲለፋ ታያትና አዘነችለት። መሐንዲሱ ጥፍሩን ይበላል። እሷ የጥገና ትእዛዙን አሳይታ ሣጥኗን ካስወጣች ቆይታለች፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ታሞቃታለች።

አርባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። ስምንት። ጠላቂው ክሮቹን እዚያው ለክቶ ጨርሷል፤ ዝግጁ የሚል ሰው አላስፈለገውም። መሐንዲሱ እጁን አጨበጨበ። እሷ ተነስታ ሣጥኗን አሥራ ሁለተኛዋ ክር ላይ ሰካች።

«ማዶ» አለች።

የሚሰማ አልነበረም። ስልክ ሲቋረጥ እንኳ የሚቀር የሽሽ ድምፅ አለ፤ ብርሃን የሌለው ክር ውስጥ ግን ያም የለም። ደግማ ጠራችው። መሐንዲሱ ጭብጨባውን ተወና ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። አሥራ ሁለተኛዋ ማገናኛው ውስጥ አልገባችም አላት። ከቦርሳው ፋይል አወጣና ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘረጋላት።

በግራ በኩል የእሷ ነው። በቀኝ ያለውን ጽሕፈት አይታው አታውቅም፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ «ንግግር። እባካችሁ እንዳትነቅሏት» ይላል።

«ሁለቱ ቅጾች ሲለያዩ ሁለታችሁም የተስማማችሁበትን ብቻ ነው የምንወስደው» አለ መሐንዲሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስምንተኛዋ ዓይን እኮ ለመጠባበቂያ ነው የሄደችው እትዬ። እርስዎም አንድ ቃል ጽፈው ቢሆን ለእሷ እሰጣት ነበር። ለእኔ ልዩነት የለውም።»

«ውሸት አልጻፍኩም» አለች።

«አልጻፉም» አላት።

መልሶ መክፈት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ማገናኛው ከፋብሪካ ታሽጎ የወጣ ነው፤ መርከቧም መንገድ ጀምራለች። አይቻልም አላት። ሲሄድ ሁለቱን ቅጾች ከሥራው መዝገብ ጋር አያይዞ ለሁለቱም ጣቢያዎች እንደሚልክ ነገራት፤ ደንብ ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ዘልቆ የገባት። ማዶ የእሷን ጽሕፈት ሊያይ ነው። ጥያቄ ጠይቆ ለመልስ ለሚጠብቅ ሰው የሚደርሰው «ምንም» የሚል ቃል፣ ከሥሩ የእሷ ፊርማ።

ያኔውኑ መደወል ነበረባት። የጣቢያው ስልክ በዋናው መሥሪያ ቤት ማዞሪያ በኩል ወደ ማዶ ያደርሳል። አልደወለችም። ምን ብዬ እጀምራለሁ ብላ አንድ ቀን አለፈ። አማካሪ እንደጠፋበት ሰው ከማሽኖቹ ጋር ስትፋጠጥ ሁለተኛው አለፈ። ማዞሪያው ላይ ያለችው ሴት ብትሰማስ ብላ ሦስተኛውና አራተኛው አለፉ። በአምስተኛው ቀን ደወለች። ያነሳችው ሌላ ሴት ናት፤ አዲሷ ተተኪ ነኝ አለች። ጨዋታ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ሳትጠየቅ ሁሉንም ዘረገፈችላት። የቀድሞው ሰውዬ ትናንት ጡረታ ወጥተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ጠላቂው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት አሮጌ ሣጥን ሰክተው ተቀምጠው ነበር። ተተኪዋ ክሯ ሞታለች ብትላቸው «አውቃለሁ፣ ግን እሷ መንገድ አታጣም» አሉ። በአራተኛው ቀን መዝገቡ መጣ። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሣጥኗን ነቀሉና ሽቦዋን በደንብ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ።

«ምን አሉ?» አለቻት ዝግጁ።

«ምንም አላሉም። ሻይ ጠጡና ቁልፉን ሰጡኝ።»

ማታ ለወንድሟ ሚስት ነገረቻት። ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ያቺ ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ክር ላይ ስትታማ መኖሯንም አብሮ ሰማች፤ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ጡረታ የወጣን ሰው አድራሻ መሥሪያ ቤቱ ለማንም እንደማይሰጥ ሁለቱም ያውቃሉ። እንግዲህ ዝም ልበል፣ ዝም አይነቅዝም አለች ዝግጁ።

«ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ብቻውን ኖሮ አያውቅም» አለቻት የወንድሟ ሚስት፣ ሽንኩርቷን ሳታቆም እየከተፈች። «አንቺ የጻፍሽው ነው የጎዳው፤ እዚያው ላይ ጽፈሽ አውጪው።»

ይህ ለሌላ ሰው ምክር ነው፤ ለእሷ ግን መመሪያ ነበር። የተሳሳተ ቅጽ የላከ ሰው የማረሚያ ቅጽ ይሞላል። ማረሚያው፣ የተሳሳተው ቅጽ ለደረሰው ሰው ሁሉ፣ ሥራ ቢለቅም እንኳ በቤቱ አድራሻ በፖስታ ይላክለታል፤ በሌላው ጣቢያ በኩል ቅጹን የሞላው ሰው ካልፈረመበት ደግሞ አይጸናም። ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ሞልታው አታውቅም። ከመሳቢያው ሥር አወጣችው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል።

«የተሳሳተው» በሚለው ሥር «ምንም» ብላ ጻፈች። «ትክክለኛው» በሚለው ሥር መጀመሪያ «ንግግር» አለች። ያ የእሱ ቃል ነውና የራሷን ጨመረችበት፦ «ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ። ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው።» «የስህተቱ ምክንያት» ላይ ብዙ አልቆየችም። «ስላፈርኩ» አለች።

ሰኞ አለቃዋ መጣ። ማረሚያው ያለ እሱ ፊርማ አይወጣም። አቀበለችውና ቆማ ጠበቀች። አንድ ጊዜ አነበበ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበ። ቀልድ ሊመጣ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች። እሱ ግን ፈረመ፤ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታበትና ወደ ቦርሳው ከተተው። የሚቀጥለው ሰኞም፣ ከዚያ ያለውም፣ ስለሱ አንዲት ነገር አላነሳም። ከሰውዬው ተረብ ዝምታው ይበልጥ ከበዳት።

በእነዚያ ሳምንታት ጣቢያው ከወትሮው የባሰ ጸጥ አለባት። ስምንቱ መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። ገመዱ አንዴ ተነቅሎ ነበር፤ ጠላቂው እሷ ምሳዋን ሳትጨርስ ወርዶ ሰካው፤ መዝገቡ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ አለፈ። ለማዶ እነግረዋለሁ ብላ በሆዷ የምታስቀምጠው ነገር ግን መምጣቱን አላቆመም። ድሮ ተጠራቅሞ የሚራገፍበት ቀን ነበረው። አሁን እንደ ተዘጋ ቤት ፖስታ በበሩ ሥር ይከመራል።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ማረሚያው ተመለሰ። ከሥሩ በዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል ባለ ጽሕፈት ተፈርሞበታል። ሌላ ቃል የለም፤ ያ ቅጽ የአስተያየት ዓምድ የለውም። ገልብጣ አየችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያ ፖስታውን አነሳች። የመሥሪያ ቤቱ የታተመ የመልስ ፖስታ ነበር፤ የላኪውን አድራሻ ማንም አይሞላውም፣ አያስፈልግማ። እሱ ግን ሞልቶታል፦ የከተማዋ ስም፣ መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ በሩ አረንጓዴ እንደሆነ ሳይቀር።

ሰኞ አለቃዋ ሲመጣ ፈቃድ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሰውዬው መዝገቡን ከማገላበጥ ቆመ።

«ስንት ቀን?» አላት።

አላሰበችበትም ነበር። «አንድ ቀን ይበቃኛል» አለች።

አለቃዋ አንድ ብሎ ሊጽፍ ሲል እጇን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

«ቆይ» አለች። «ሁለት አድርገው።»